ጀልባው የእርስዎ ነው፤ የታሰረበት ውሃስ የማን ነው? የጀልባ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው

እአአ በሰኔ 2022 ካይሮ ውስጥ፣ በናይል ምዕራባዊ ዳርቻ ኪት ካት በሚባለው ሰፈር አጠገብ ታስረው የኖሩ ወደ 30 የሚጠጉ የጀልባ ቤቶች ባለቤቶች ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ጀልባዎቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከቦታው ይነሳሉ የሚል ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል ታዋቂዋ ደራሲ አህዳፍ ሱዌፍ ይገኙበታል። በ80ዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ከውሃው ውጪ ሌላ ቤት የሌላቸው እናትም ነበሩ። ሐምሌ ሳይጋመስ ጀልባዎቹ እየተጎተቱ ተወሰዱ፤ ከፊሎቹም ፈራረሱ።

ባለሥልጣናቱ ጀልባዎቹ ሕጋዊ ፈቃድ እንደሌላቸውና በወንዙ ዳርቻ ለመኖሪያነት መቀመጥ እንደማይፈቀድላቸው ገለጹ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ፈቃዳቸውን ለማደስ ሲመላለሱ እንደከረሙ፣ ያላደሰላቸውም ራሱ መንግሥት መሆኑን፣ ከዚያም ከፍተኛ ውዝፍ ክፍያ እንደተጠየቁ ተናገሩ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ጀልባዎቹ የእነርሱ ስለመሆናቸው ጥያቄ ያነሳ አካል አልነበረም። ያጡት ጀልባቸውን የማሰር መብታቸውን ነው፤ ጀልባው ያንን ተከትሎ ሄደ።

የናይል የጀልባ ቤት፣ በግብፆች አጠራር ‘አዋማ’፣ የቆየ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እአአ በ1942፣ ካይሮ የገቡ የጀርመን ሰላዮች የተያዙት በጀልባ ቤት ውስጥ ነበር። ኋላ የአገሪቱ ፕሬዝዳንት የሆኑት አንዋር ሳዳትም ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ታስረዋል። የኖቤል ተሸላሚው ናጊብ ማህፉዝ እአአ በ1966 ያሳተሙት አንድ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚከናወነው በአዋማ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ዝና ግን በ2022 ለነዋሪዎቹ የአንድ ቀን ተጨማሪ ጊዜ አልገዛላቸውም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ቤት የሠራ ሰው ቤቱ የራሱ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን መሬት የሚይዘው በይዞታ ወይም በሊዝ ነው። የጀልባ ቤት ይህንኑ ልዩነት እስከ ጫፍ ይወስደዋል። ቤቱ ይንሳፈፋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ እንደ መኪና በሽያጭ ውል ይተላለፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ‘ካርታ’ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው የወጥ ቤቱን ዕቃና የመስኮቱን መጋረጃ በማየት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ‘ይህ ጀልባ ነገ የት ይታሰራል?’ ብሎ ነው።

ደንቦቹ በጽሑፍ የሰፈሩበትና ገበያው ለማንም ክፍት የሆነበት አገር ምሳሌ ይሆን ዘንድ ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በለንደን የቤት ኪራይ ያንገሸገሻቸው ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ውሃው መጣል ከጀመሩ ቆይተዋል። በከተማዋ ካለው ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አንጻርም ጉዳዩ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ሩቅ አይደለም።

የሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቤት

የእንግሊዝ የውሃ ቦዮች በአብዛኛው የተቆፈሩት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የድንጋይ ከሰልና የፋብሪካ ዕቃ ለማጓጓዝ ነው። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 3 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የውሃ መስመር የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ኃላፊነቱን እአአ በ2012 ከመንግሥታዊው ብሪቲሽ ዋተርዌይስ ተረክቧል።

በመካከለኛው እንግሊዝ ያሉ ብዙ ቦዮች ‘ሎክ’ የሚባሉት የውሃ በሮቻቸው ስፋት ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሎክ ማለት በሁለት ወገን በሮች የታጠረ፣ ውሃ እየተሞላ ወይም እየተለቀቀ ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ‘ናሮውቦት’ የሚባለው የተለመደው መኖሪያ ጀልባ ስፋቱ 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ርዝመቱ እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። ከሚኒባስ ጥቂት የሰፋ፣ እንደ ባቡር ፉርጎ የረዘመ ቤት ማለት ነው። ግድግዳውና ሙቀት መከላከያው ሲቀነስለት ውስጡ ከዚያም ይጠባል፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ጎኑን ማዞር ይኖርበታል። 17 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጀልባ በአብዛኛው መስመር ላይ መጓዝ ስለሚችል ተፈላጊ ነው። ሰፋፊዎቹ ጀልባዎች ለቤተሰብ ይመቻሉ፤ ነገር ግን ጠባብ ሎክ ያላቸው ቦዮች ይዘጉባቸዋል፣ የፈቃድ ክፍያቸውም ይበዛል።

ቦታው ከጀልባው ይቀድማል

በዚህ መስመር ላይ ፈቃድ ለማግኘት ሕጉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መድን፣ የደኅንነት ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ወይ ቋሚ የማሰሪያ ቦታ ወይም ያለማቋረጥ የመጓዝ ግዴታ። የጀማሪው ሕይወት የሚወሰነው በሦስተኛው ላይ ነው።

ቋሚ ቦታ ያለው ሰው በየወሩ ወይም በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል፤ በምላሹ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ አንዳንዴም የፖስታ ሳጥን ያገኛል። ሆኖም አብዛኛው የማሰሪያ ቦታ ለመዝናኛ እንጂ ለመኖሪያ የተፈቀደ አይደለም። ለመኖሪያ የተፈቀደ ቦታ በተለይ ለንደን ውስጥ እጅግ ውድና ብርቅ ነው። በመዝናኛ ቦታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰው የቦታው ባለቤት ወይም የአካባቢው ምክር ቤት አንድ ቀን ቢያስነሳው ብዙ መከራከሪያ አይኖረውም። በየብስ ላይ ያለ ተከራይ የሚያገኘው የሕግ ከለላ በአብዛኛው ለጀልባ ነዋሪ አይደርስም።

እዚህ ላይ ገዢዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። በማስታወቂያው ላይ ጀልባው አበባ በተተከለበት ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያ በአምስት ደቂቃ ርቀት ታስሮ ይታያል። ገዢው ጀልባውንና ዳርቻውን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ዋጋውም ያንኑ ታሳቢ አድርጎ የተጫነ ሊሆን ይችላል። የማሰሪያ ቦታው ውል ግን ብዙውን ጊዜ ከሻጩ ጋር የተገባ ስለሆነ ለገዢው አይተላለፍም። የጀልባው ፈቃድም ቢሆን አይተላለፍም፤ አዲሱ ባለቤት በስሙ ማውጣት አለበት። ሻጩ ‘ቦታው አብሮ ይሄዳል’ ካለ፣ ማረጋገጫውን መቀበል ያለብዎት ከሻጩ ሳይሆን ከቦታው ባለቤት ነው፤ ያውም በጽሑፍ።

ሁለተኛው መንገድ ቋሚ ቦታ ሳይዙ መጓዝ ነው። እአአ በ1995 የወጣው የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ እንዲህ ያለው ጀልባ በእውነት ለጉዞ እንዲውልና በአንድ ስፍራ ያለማቋረጥ ከ14 ቀናት በላይ እንዳይቆይ ያዛል፤ እንደ ሁኔታው አግባብ የሆነ ተጨማሪ ጊዜ ግን ይፈቅዳል። ቦዩ በበረዶ ሲዘጋ፣ ሞተር ሲበላሽ ወይም ሰው ሲታመም መቆየት ይቻላል፤ ለድርጅቱ ማሳወቅ ግን ያስፈልጋል። በሁለት ድልድዮች መካከል እየተመላለሱ 14 ቀን መቁጠር ሕጉን ማሟላት አይደለም። ድርጅቱ በዓመት ውስጥ የጉዞ ክልላቸው ከ15 እስከ 20 ማይል፣ ማለትም ከ24 እስከ 32 ኪሎ ሜትር፣ የማይሞላ ጀልባዎች መስፈርቱን ያሟላሉ ብሎ ለመቀበል እንደሚከብደው አስታውቋል።

በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ ደንብ ሥራና ልጅ ላለው ሰው ከባድ ነው። ዛሬ ከልጅዎ ትምህርት ቤት በእግር 10 ደቂቃ የራቀው ቤትዎ ከሁለት ወር በኋላ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ይሆናል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በእረፍት ቀኑ ማረፉን ትቶ ጀልባ ይነዳል፤ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ገደማ ስለሆነም አጭር መንገድ ቀኑን ይበላል። የኪራይ ወጪን ለመሸሽ ብቻ ወደዚህ ኑሮ የሚገባ ሰው ቁጠባውን በጉልበቱና በጊዜው እንደሚከፍለው አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ክፍያውም እየጨመረ ነው፤ እአአ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቋሚ ቦታ በሌላቸው ጀልባዎች የፈቃድ ዋጋ ላይ በየዓመቱ እያደገ በ2028 25 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ተጥሏል።

ደንቡን የጣሰ ሰው በአንድ ጊዜ አይባረርም፤ ማስጠንቀቂያዎች ይቀድማሉ፣ ፈቃዱ ሊያጥር ወይም ሊከለከል ይችላል። ያለ ፈቃድ የቀረ ጀልባ ግን እአአ በ1983 በወጣው ሕግ መሠረት የ28 ቀናት ማስታወቂያ ተሰጥቶት ከውሃው ሊነሳ ይችላል። ከካይሮው የሚለየው ሂደቱ ረጅም መሆኑ፣ ምክንያቱ አስቀድሞ መታወቁና ጀልባው የሰው መኖሪያ ሲሆን ጉዳዩ ፍርድ ቤት መቅረቡ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሥሩ ግን ያው ነው።

አምስተርዳም ሌላ መንገድ ተከትላለች። ወደ 2 ሺህ 500 የሚጠጉ የጀልባ ቤቶች ባሏት በዚያች ከተማ የማሰሪያ ፈቃዱ ከቦታው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ አዲስ ፈቃድ ማግኘት የማይታሰብ ያህል ነው። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ትልቁ ገንዘብ ለጀልባው ሳይሆን ለፈቃዱ ነው። የተሻለ ዋስትና ይገኛል፤ ዋጋው ግን የየብስ ቤት ዋጋ ይሆናል።

ከውሃው ሥር ያለውን ብረት ማየት

ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ጀልባው መሄድ ይቻላል። ናሮውቦት በተለምዶ ከብረት የሚሠራ ሲሆን፣ በዘመናዊዎቹ የወለሉ ውፍረት 10፣ የጎኑ 6፣ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ዝገት ይህንን ከውጪም ከውስጥም ይበላዋል። ብዙ መድን ሰጪዎች ብረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ሙሉ ሽፋን ለመስጠት ፈቃደኛ አይሆኑም፤ መድን ያላገኘ ጀልባ ደግሞ ፈቃድ አያገኝም።

ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ ከውሃ ወጥቶ፣ ራሱን በቻለ መርማሪ ባለሙያ፣ በድምፅ ሞገድ የብረቱ ውፍረት እየተለካ መታየት አለበት። መርማሪውን የሚቀጥረው ገዢው ይሁን፤ የሻጩ ወዳጅ ወይም ‘ባለፈው ዓመት የተደረገ’ የተባለ አሮጌ ሪፖርት አይተካውም። ለማውጫውም ለምርመራውም የሚከፈለው ገንዘብ ጀማሪዎችን ያሳሳል። ይሁንና የሳሳ ብረትን በአዲስ ብረት ማልበስ የሚያስወጣው ወጪ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

በየአራት ዓመቱ የሚታደሰው የደኅንነት ምስክር ወረቀትም ብዙዎችን ያሳስታል። ሻጮች ‘ምርመራውን አልፏል’ ይላሉ። ወረቀቱ የሚመለከተው የጋዝ፣ የነዳጅ፣ የኤሌክትሪክና የእሳት አደጋን ነው፤ ስለ ብረቱ ውፍረት ወይም ስለ ሞተሩ ጤንነት አንዳች አይናገርም። ነገ ሊሰምጥ የተቃረበ ጀልባ ዛሬ ይህ ወረቀት ሊኖረው ይችላል።

ከግዢ በኋላም ብረቱ እንክብካቤ ይፈልጋል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ጀልባው ወጥቶ ታጥቦ ከውሃ በታች ያለው አካሉ ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከጎኑ የሚበየዱት የማግኒዚየም ቁርጥራጮች በብረቱ ፋንታ እንዲበሉ የተቀመጡ ስለሆኑ ሲያልቁ ይተካሉ። ከየብስ ኤሌክትሪክ የሚሰካ ጀልባ ደግሞ በገመዱ በኩል ከጎረቤት ጀልባዎች ብረት ጋር ስለሚገናኝ፣ መከላከያ መሣሪያ ካልተገጠመለት ዝገቱ ይፋጠናል።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፦ ባንኮች ለጀልባ የተለመደውን የቤት ብድር አይሰጡም፤ የሚገኘው የጀልባ ብድር የመክፈያ ጊዜው አጭር፣ ወለዱም ከፍ ያለ ነው። እንደ ቤት ዋጋው ይጨምራል ብሎ መጠበቅም አይገባም፤ በጊዜ ዋጋው የሚጨምረው መሬት ነው፣ ጀልባ ደግሞ መሬት የለውም። ለጀልባ እንደ መሬት ያለ አስገዳጅ የባለቤትነት መዝገብ ስለሌለ፣ የቀደሙት ሽያጮች ሰነድ፣ የሻጩ ማንነትና ያልተከፈለ ዕዳ አለመኖሩ ሳይጣራ ቀብድ መክፈል አደገኛ ነው።

የውሃ፣ የእሳትና የምጣድ ጉዳይ

በየብስ ቤት የማይታሰቡ ነገሮች እዚህ የዕለት ሥራ ናቸው። የመጠጥ ውሃው የሚቀመጠው ጥቂት መቶ ሊትር በሚይዝ ታንከር ውስጥ ነው፤ ሲያልቅ ጀልባውን ወደ ውሃ መቅጃ ነጥብ መንዳት ይገባል። መጸዳጃው ወይ በማሽን የሚመጠጥ ትልቅ ታንከር አለው፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ተሸክሞ የሚደፋው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ለመናገር ባይመችም ርካሽ ነው፤ ቦዩ በረዶ ሆኖ ጀልባው መንቀሳቀስ ሲያቅተውም በእጅ ጋሪ ይወሰዳል። ታንከሩ የሞላበት ጎረቤት ያን ጊዜ ይቀናል።

ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ሞተሩና የሶላር ፓኔሎቹ ከሚሞሏቸው ባትሪዎች ነው። በበጋ ሶላር በቂ ሊሆን ይችላል፤ በታኅሣሥ ግን የእንግሊዝ ፀሐይ የለችም ማለት ይቻላል። እንጀራ በቤቱ የሚጋግር ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ1 ሺህ 500 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ከየብስ መስመር ጋር ያልተሰካ ተራ ጀልባ ባትሪዎቹን በአንድ ሊጥ ያሟጥጣል።

ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከእንጨትና ከከሰል ምድጃ ይገኛል። ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በየዓመቱ በከሰል ጭስ ታፍነው የሚሞቱ ሰዎች ዜና ከአዲስ አበባም ከሌሎች ከተሞችም ይሰማል። በጀልባ ላይ አደጋው ያው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እአአ ከ2019 ጀምሮ የደኅንነት ምስክር ወረቀቱ ግዴታ ሆኗል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ብርድ ገባ ብሎ በጨርቅ መድፈን መሣሪያውን እንደማጥፋት የሚቆጠር ስህተት ነው።

የሚሰምጡ ጀልባዎች በአብዛኛው የሚሰምጡት በማዕበል ሳይሆን በዝንጋታ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው፣ የተጠመጠመ ሣርና ገመድ ለማውጣት የሚከፈተው ክዳን በደንብ ሳይዘጋ ሞተር ከተነሳ ውሃ ይገባል። በሎክ ውስጥ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ከላይኛው በር ሥር የተደበቀ እርከን አለ። የጀልባው የኋላ ክፍል በእርከኑ ላይ ከተቀመጠ፣ ውሃው ሲጎድል የፊቱ ክፍል ብቻውን ይወርድና በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። እርከኑ እስከ የት እንደሚደርስ በግንቡ ላይ በነጭ ቀለም ይመለከታል፤ ጀማሪ ሰው ግን ዓይኑ ፊት ፊቱን እንጂ ኋላውን አያይም።

አድራሻ የሌለው ነዋሪ

በውጭ አገር ለሚኖር ሰው አድራሻ ትልቅ ነገር ነው። ባንክ፣ አሠሪ፣ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይጠይቁታል። ተጓዥ ጀልባ ደግሞ የፖስታ ቁጥር የለውም። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ደንብ መሠረት የሐኪም ቤት አንድን ሰው አድራሻ ስለሌለው ብቻ አልመዘግብም ማለት አይችልም፤ በተግባር ግን ደንቡን ለእንግዳ ተቀባዩ ማስረዳት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ለምርጫ ለመመዝገብም ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት በማሳወቅ የሚመዘገብበት አሠራር አለ። ለደብዳቤ ብዙዎች የዘመድ ቤት ወይም የሚከፈልበት የፖስታ አገልግሎት ይጠቀማሉ። የኢሚግሬሽን ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች ወሳኝ ደብዳቤ የሚደርስበት አስተማማኝ ቦታ ሳያዘጋጁ ወደ ውሃ ባይወርዱ ይሻላቸዋል።

በእንግሊዝ ለእረፍት የሚከራዩ ናሮውቦቶች በየቦዩ አሉ። አብዛኞቹ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይሠራሉ፤ በብርድ ወራት የሚያከራዩም ግን ይገኛሉ። ለመግዛት ያሰበ ሰው መከራየት ያለበት በእነዚያ ወራት ነው። በጥር ለአንድ ሳምንት፣ ምድጃውን ራሱ እያነደደ፣ ከንጋት በፊት እየተነሳ፣ ሳጥኑንም ራሱ እየደፋ ይሞክረው። ድርጅቱ ሎኮቹን የሚጠግነው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ የትኛው መስመር እንደሚዘጋ አስቀድሞ ማየት አለበት።